ብልጭ ድርግም የሚለው የፊት መብራት ከየት ይፈተሽ?

የዛሬው ዝግጅት ስለ አንድ ግትር ብልሽት ነው፤ በአሮጌ የገጠር መኪኖች ላይ ስለሚታየው፣ አንዴ በርቶ አንዴ ስለሚጠፋው የፊት መብራት።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር የሚነዳ ሹፌር አስፋልቱን ጨርሶ ኮረኮንቹን ይይዛል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። ጎማው የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሲመታ መብራቱ ለቅጽበት ድርግም ብሎ ይመለሳል፤ ሁለተኛውን ሲመታም እንደዚያው። በማግስቱ ጋራዥ ይገባል፣ አምፖል ይቀየርለታል። ሳምንት ሳይሞላ መብራቱ ወደ አመሉ ይመለሳል። ባትሪ ይገዛል፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ዲናሞው ወርዶ ይጠገናል። መኪናው ብዙ ገንዘብ በልቶ ሲወጣ ብልሽቱ አሁንም አብሮት ይወጣል። ኋላ ላይ ጥፋቱ ሲገኝ ከክሩስኮቶው ሥር ያለች አንዲት የላላች የግራውንድ ብሎን፣ ማለትም ከረንት ወደ ባትሪው የሚመለስባት መያያዣ፣ ሆና ታርፋለች።

እንዲህ ያለው ወጪ የሚመጣው ዕቃ መግዛቱ ከማየቱ ሲቀድም ነው። መብራቱ መቼ እንደሚርገበገብ፣ አንዱ ብቻ ይሁን ሁለቱም፣ ከመኪናው ከየትኛው እንቅስቃሴ ጋር እንደሚገጥም ልብ ብሎ ያየ ሰው የፍተሻውን ትልቁን ክፍል ጨርሶታል። ለቀረው አንድ ተራ ቴስተር ይበቃል። በአሮጌ መኪና ላይ የሚጠፋው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ዕቃ አይደለም፤ ሁለት ብረት የሚገናኝበት ቦታ ነው። ሶኬት፣ ብሎን፣ የፊውዝ መያዣ፣ የማብሪያ ጥርስ።

ለዛሬው ዝግጅት ዋናው ምሳሌ ቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ነው። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ሲሆን እየተሻሻለ እስካሁን ይመረታል። በ1990 የመጣው ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር ዲዚል ሞተሩ በኢትዮጵያ ገጠር መንገዶች ላይ ድምፁ የታወቀ ነው፤ ከጤና ጣቢያ እስከ አስጎብኚ ድርጅት የማይጠቀምበት ጥቂት ነው። ብዙዎቹ መኪኖች ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ሽቦዎቻቸውም እንደዚያው። ላንድሮቨርና ጂፕም በየቦታቸው ይነሳሉ፤ ምክንያቱም ሦስቱም የሚያምታቱት በተለያየ መንገድ ነው።

በእነዚህ መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው አምፖል ኤች 4 የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የመጣው ይህ ሃሎጅን አምፖል በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ክር ይዟል፤ ለረጅም መብራት 60 ዋት፣ ለአጭር 55 ዋት። ከኋላው ሦስት እግር አለው። አንዱ ለሁለቱ ክሮች የጋራ ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። በ12 ቮልት መኪና ላይ አንዱ አምፖል 5 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሁለቱ አንድ ላይ 10 አምፔር ይጠጋሉ። ይህ ለመኪና ሽቦ ቀላል ሸክም አይደለም። አሥሩ አምፔር በሚያልፍበት መንገድ ላይ የዛገ መገናኛ 0.2 ኦም ብቻ ሬዚስታንስ ቢጨምር፣ 2 ቮልት እዚያው ይቀራል። የቀረው ቮልት ደግሞ ወደ 20 ዋት ሙቀት ይለወጣል፤ ለአነስተኛ የብየዳ ካውያ የሚበቃ ማለት ነው። ከአምፖሉ ኋላ ያለው ፕላስቲክ ሶኬት ቡናማ ሆኖ፣ ቀልጦ፣ አንዳንዴም ከአምፖሉ ጋር ተጣብቆ የሚገኘው ከዚህ የተነሳ ነው።

የብርሃኑ ኪሳራ ከቮልቱ ኪሳራ ይብሳል። ኤች 4 የሚለካው በ13.2 ቮልት ነው፤ በዚያ ቮልት ረጅሙ 1,650፣ አጭሩ 1,000 ሉመን ያህል ይሰጣል። ቮልቱ በመቶ 10 ሲቀንስ ብርሃኑ በመቶ 30 ገደማ ይቀንሳል። ከላይ የተጠቀሰው 2 ቮልት የጎደለበት አምፖል ከብርሃኑ በመቶ 40 በላይ አጥቷል። ሹፌሩ ግን “ይበራል” ይላል። ይበራል፤ መንገድ ግን አያሳይም። መርገብገቡ ከመምጣቱ ከወራት በፊት መብራቱ ቢጫ እየሆነ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ ዓይን ስለሚለምደው ማንም አያስተውለውም።

አሁን ወደ አኳኋኑ እንሂድ።

የሚርገበገበው አንዱ መብራት ብቻ ከሆነ ጥፋቱ በዚያ ወገን ነው። አምፖሉ፣ ሶኬቱ፣ የዚያ ወገን ፊውዝ ወይም ሽቦ ይታያል። ዲናሞና ባትሪ ከዚህ ክስ ነጻ ናቸው፤ እነሱ ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱም መብራት አብሮ በተርገበገበ ነበር። አምፖሉን አውጥቶ ወደ ብርሃን ይዞ ማየት ይበጃል። የተቆረጠ ክር አንዳንዴ ጫፎቹ እየተነካኩ በንዝረት ይበራል ይጠፋል፤ አልፎ አልፎም እዚያው ራሱን በይዶ ለጥቂት ቀን ደህና ይመስላል። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ መቀያየር ገንዘብ የማያስወጣ ፍተሻ ነው። ጥፋቱ አምፖሉን ተከትሎ ከሄደ አምፖሉ ነው፤ ቦታው ላይ ከቀረ አይደለም። የሃሎጅን ብርጭቆ ግን በጣት አይነካም፤ የእጅ ቅባት ብርጭቆው ላይ ሲግል ዕድሜውን ያሳጥራል።

ሁለቱም የፊት መብራቶች አብረው ሲርገበገቡ፣ የክሩስኮቶው መብራትና የኋላው ግን ጸጥ ብለው ሲበሩ፣ ጥፋቱ ሁለቱ የፊት መብራቶች በሚጋሩት መንገድ ላይ ነው። ማብሪያው፣ በትንሽ ከረንት ታዝዞ ትልቁን የሚያሳልፈው ሪሌ፣ ከመሪው ሥር ያለው ረጅምና አጭር መለወጫ፣ ወይም የጋራ ግራውንዳቸው። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ፍንጭ አለ። በአጭር እየተርገበገበ በረጅም ጸጥ የሚል ከሆነ ባትሪውም ሪሌውም ደህና ናቸው ማለት ይቻላል፤ የመለወጫው የአጭር መብራት ጥርስ ተቃጥሏል። ሹፌር ሌሊቱን ሁሉ የሚጠቀመው አጭሩን ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀውም እሱ ነው።

ሁሉም መብራት፣ የክሩስኮቶውን ጨምሮ፣ አንድ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ ነገሩ ወደ ባትሪና ዲናሞ ይዞራል። በተለይ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ እየደበዘዘ ነዳጅ ሲሰጥ የሚደምቅ ከሆነ። የዲዚል ሞተር ካንዴላ የለውምና ዲናሞው ቢደክምም መኪናው መሄዱን አያቆምም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወሬውን የሚያመጡት መብራቶቹ ናቸው።

የፍሬቻው ነገርም አለ። ፍሬቻ ሲበራ የፊት መብራቱ በዚያው ምት ከደበዘዘ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ በአንድ መጥፎ ግራውንድ ላይ እየተሻሙ ነው። ይህ ምልክት ከታየ ሌላ ነገር ከመበተን በፊት ግራውንዱ ይታይ።

እንግዲህ መለካት ነው። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ሶኬቱን ከአምፖሉ ይነቅልና ቴስተሩን ይሰካል። 12.6 ቮልት ያነባል። “ከረንት ደህና ነው” ብሎ ይዘጋል። ግን ባዶ ጆንያ የተሸከመ ሰው ጉልበቱ አይታወቅም፤ ሽቦም እንዲሁ ነው። ከውስጡ አንዲት ቀጭን ክር ብቻ የቀረችው ሽቦ አምፖል ሳይኖር ሙሉ ቮልት ታሳያለች፤ 5 አምፔር ሲጠየቅባት ትወድቃለች። ልኬቱ ትርጉም የሚኖረው አምፖሉ በቦታው ተሰክቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ሞተሩ እየሠራ ሲወሰድ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ቴስተሩ በቀጥተኛ ከረንት ቮልት ላይ ይደረጋል። አንዱ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ይያዛል፤ ሌላው ከሶኬቱ ኋላ ገብቶ አምፖሉ ፖዘቲቩን የሚቀበልበትን እግር ይነካል። የሚነበበው ቁጥር በመንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ከግማሽ ቮልት በታች ከሆነ ይታለፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጫፉ ወደ ባትሪው እየተጠጋ ይነካል፤ ከሪሌው በፊት፣ ከሪሌው በኋላ፣ ከፊውዙ በፊት፣ ከፊውዙ በኋላ። ቁጥሩ በድንገት ዝቅ ያለበት ቦታ መካከል ጥፋቱ ተቀምጧል። ቀጥሎ በኔጋቲቩ በኩል እንደዚሁ ይደረጋል፤ ከአምፖሉ መመለሻ እግር እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ። ብዙ ሰው ፖዘቲቩን ፈትሾ ኔጋቲቩን ይረሳል፤ ከረንት ግን የሄደበትን ያህል መመለስም አለበት።

ላንድክሩዘር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በብዙ መኪኖች ማብሪያው የሚቆጣጠረው ፖዘቲቩን ነው፤ የአምፖሉ የጋራ እግር ኔጋቲቭ ነው። በአሮጌዎቹ ላንድክሩዘሮች ግን ተገላቢጦሽ ነው። ፖዘቲቩ በግራና በቀኝ በየራሱ ፊውዝ አልፎ በአምፖሉ የጋራ እግር ይገባል። ከመሪው ሥር ያለው ዘንግ የሚለውጠው ኔጋቲቩን ነው፤ ረጅሙን ወይም አጭሩን ክር ከግራውንድ ጋር ያገናኛል። ይህን ያላወቀ ሰው የሙከራ መብራቱን ሰውነት ላይ አስሮ የአምፖሉን እግሮች ሲነካ፣ አጭር መብራት በርቶ ሳለ በረጅሙ እግር ላይ 12 ቮልት ያገኛል። ያ ቮልት በክሩ በኩል አልፎ የመጣ ነው፤ ምንም ብልሽት አይደለም። ይህን እንደ ሾርት ቆጥሮ ሽቦ የቆረጠ ጥቂት አይደለም። ትክክለኛው ፍተሻ በርቶ ባለው ክር መመለሻ እግርና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ነው። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይገባል። አንድ ቮልት ተኩል ካሳየ የመለወጫው ጥርስ ወይም ከክሩስኮቶው ሥር ያለው የግራውንድ ብሎን ተይዟል። መግቢያችን ላይ ባትሪ ያስገዛውና ዲናሞ ያስጠገነው ይኸው ነበር።

በዚሁ ምክንያት ለአውሮፓ መኪና የተሠራ የመብራት ኪት ወይም ኤልኢዲ አምፖል ላንድክሩዘር ላይ ሲሰካ አልበራም የሚል፣ ወይም የረጅም መብራት ሰማያዊ ምልክቱን ሳይጠራ የሚያበራ ይገኛል። ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም፤ ዋልታው ተገላብጦበት ነው። ሌላም አለ፤ አንዳንድ ዲዚል ላንድክሩዘሮች 24 ቮልት ናቸው። ኮፋኖው ሥር ሁለት ባትሪ መኖሩ ብቻውን መልስ አይሰጥም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተያይዘው 12 ቮልት የሚሰጡባቸው መኪኖችም አሉና። አምፖል ከመግዛት በፊት በቴስተር ማረጋገጥ ነው።

ላንድሮቨር ሌላ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ላይ ሲወጣ ሰውነቱ ከአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ሻሲው ከብረት የተሠራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡት አሮጌ ሞዴሎችና የቀድሞው ዲፌንደርም ይህንኑ ይዘው ዘልቀዋል። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም ቢባልም ብረት በነካበት ቦታ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል። በመካከላቸው ነጭ ዱቄት ይፈጠራል፤ ዱቄቱ ከረንት አያሳልፍም። የፊት መብራቱ ጥቁር የግራውንድ ሽቦ የሚታሰረው እንዲህ ባለው ሰውነት ላይ ከሆነ መብራቱ ዝናብ በጣለ ማግስት መጫወት ይጀምራል። መፍትሔው ብሎኑን እየፈቱ እየፋቁ መክረም አይደለም፤ ከሁለቱም መብራቶች አዲስ ጥቁር ሽቦ ጎትቶ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ማድረስ ነው። በእንግሊዞቹ የሽቦ ቀለም ሥርዓት ሰማያዊ ላይ ነጭ መስመር ያለው ረጅም መብራት፣ ሰማያዊ ላይ ቀይ ያለው አጭር መብራት ነው። ከዚህ በፊት የነካው ሰው ያገኘውን ሽቦ ሁሉ ካልቀጠለበት በቀር ይህ ብዙ ድካም ያድናል።

ጂፕ ያለው ደግሞ ሌላ ምልክት ያያል። መብራቱ ለጥቂት ደቂቃ በደንብ ይበራል፣ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይመለሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ጉድጓድም አልነካ፣ ዝናብም የለ። በሲጄ፣ በአሮጌው ራንግለርና በቼሮኪ ኤክስጄ ማብሪያ ውስጥ ሲግል የሚቆርጥ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ መቆጣጠሪያ አለ። ከረንት ሲበዛበት ወይም ማብሪያው ራሱ አርጅቶ ሲግል ሥራውን ይሠራል። ብዙውን ጊዜ የሚያስቆጣው 100 ዋት አምፖል ነው። ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ከ16 አምፔር በላይ ይስባል፤ ሽቦውም ማብሪያውም ለዚያ አልተሠሩም። ላንድክሩዘር ላይ ይህ አምፖል ሲገባ መብራቱ አይጠፋም፤ ሶኬቱ ይቀልጣል። የጂፑ ሳይሻል አይቀርም።

ወደ ዲናሞ ስንመለስ፣ ደህና ባትሪ ሞተር ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ሊሆን ይገባል። መብራት ሁሉ በርቶ ከ13 በታች ከወረደ ዲናሞው ሸክሙን አልቻለም፤ ከ15 ከዘለለ ሬጉሌተሩ ልጓሙን ለቋል፣ አምፖልም በቶሎ በቶሎ ይቃጠላል። መኪናው ቆሞ ሳለ ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ከዘለለ መጀመሪያ ቺንጋው ይታያል። በመሐሉ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ1 ሳንቲሜትር ብዙ ከሰጠ ላልቷል፤ ወንዝ ተሻግሮ የሚጮኸውም እሱ ነው። ቺንጋው ደህና ከሆነ በዲናሞው ውስጥ ያሉት ካርቦኖች አልቀው በንዝረት ግንኙነት እያጡ ይሆናል። ካርቦን መቀየር ዲናሞ ከመቀየር እጅግ ርካሽ ነው፤ ሙሉ ዲናሞ ግዛ የሚል ካለ ካርቦኑ ታይቶ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዲናሞው ውስጥ የተለመዱት ስድስት ዳዮዶች ናቸው፤ ተለዋዋጩን ከረንት ወደ ቀጥተኛ ይለውጣሉ። አንዱ ሲሞት ኃይሉ ይቀንሳል፣ ያልተጣራ ከረንትም ወደ ባትሪው ያልፋል። ይህን ለመያዝ ቴስተሩን በተለዋዋጭ ቮልት ላይ አድርጎ በባትሪው ሁለት ራስ ላይ መለካት ነው። ሞተር እየሠራ፣ መብራት በርቶ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ዳዮድ ተጠርጣሪ ነው። ይህን ዝግጅት በመኪና ሬዲዮ የሚከታተል አድማጭም አንድ ነገር ልብ ሊል ይችላል፤ ነዳጅ ሲሰጥ ቀጥኖ የሚወጣ፣ ሲለቀቅ የሚወርድ የፉጨት ድምፅ በሬዲዮው ውስጥ ካለ ያው ዳዮድ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ቢቀር የሚሻል አንድ የቆየ ልማድ መጠቀስ አለበት። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ተርሚናል መንቀል። “ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው” ይባላል። ልማዱ የመጣው ቀጥተኛ ከረንት የሚያመነጭ የድሮ ዲናሞ ከነበረበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ብዙ አይጎዳም ነበር። ዛሬ ባለው ግን ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ ለቅጽበት ብዙ አሥር ቮልት ዘሎ ዳዮዱንና ሬጉሌተሩን፣ አልፎም ሬዲዮውን ይዞ ይሄዳል። ደህና ዲናሞ ለፈተና ሲባል የሚሞተው እንዲህ ነው።

ልኬቱ ሁሉ ደህና ሆኖ መብራቱ ግን መንገድ ላይ ብቻ የሚርገበገብ ከሆነ ኮረኮንቹን ወደ ጋራዡ ማምጣት ነው። መኪናው ምሽት ላይ ከግድግዳ ፊት ይቆማል። መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ ይሠራል። መካኒኩ ኮፋኖው ሥር ይጎነበሳል፤ ረዳቱ ግድግዳው ፊት ይቆማል። “አንተ ልጅ፣ እኔን ተወኝ፤ ግድግዳውን ብቻ እይ” ይለዋል። ሽቦውን ከአምፖሉ ጀምሮ በስንዝር በስንዝር እየያዘ ይነቀንቃል። የፊውዝ መያዣውን ይገፋል። ሪሌዎቹን በካቻቪቴ እጀታ ቀስ ብሎ ይመታል። “ጋሼ፣ ጠፋ! … በራ! … እዚያው ጋ ይድገሙት!” ጥፋቱ ተያዘ። ሪሌ ሲመታ ከጠፋ ወይም ጣት ላይ ቶሎ ቶሎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የውስጥ ጥርሱ አልቋል፤ ወይም ለውስጥ የሽቦ ጥቅሉ የሚደርሰው ቮልት አንሶት ይለቅና ይይዛል። ከመሪው ሥር ያለውን ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች በጣም በትንሹ፣ ሳይለውጡ መነካካትም አይረሳ።

በዚህ ፍተሻ አዘውትሮ የሚገኘው ነገር ቀዳሚ ባለሙያ የሠራው ነው። ሁለት ሽቦ ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው በሞተር ሙቀት ሙጫው ቀልጦ ተልጧል፣ ውስጡ አቧራ ገብቷል፣ መዳቡ አረንጓዴ ለብሷል። ወይም ፊውዙ ተነቅሎ በቦታው የሲጋራ ወረቀት ብር ወይም ቁራጭ ሽቦ ገብቷል። ይህኛው የመርገብገብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መኪና ያቃጥላል። ፊውዝ በተደጋጋሚ የሚቃጠል ከሆነ ምክንያቱ ይፈለጋል እንጂ አይታለፍም።

ሞተር ተፈትቶ ከታደሰ በኋላ የጀመረ መርገብገብ ከሆነ ደግሞ ከሞተሩ ወደ ሻሲው የሚሄደው ወፍራም የግራውንድ ገመድ ተመልሶ መታሰሩ ይታይ። ሲረሳ ከረንቱ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ አንዳንዴም የነዳጅ መስጫው ቀጭን የብረት ገመድ ራሱ ተሸካሚ ሆኖ ሞተሪኖ ሲነሳ ይግላል።

ጥገናው ከፍተሻው ይቀላል። የባትሪ ተርሚናል ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ይከተላል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ በሞቀ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ ይታጠባል፤ የግራውንድ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ይፋቃል፣ ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን ይቀባል። የቀለጠ ሶኬት አይጸዳም፤ ይቀየራል። የሸክላ ሶኬት ከተገኘ ሙቀትን የተሻለ ይችላል።

ሁሉም ታድሶ መብራቱ አሁንም ከደበዘዘ ጥፋቱ በፋብሪካው ሽቦ ቅጥነት ሊሆን ይችላል። ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ በስድስት ሜትር መንገድ ላይ 0.1 ኦም ይሆናል፤ 10 አምፔር ሲያልፍበት 1 ቮልት ይበላል። እዚህ ላይ ሁለት ባለ 30 አምፔር ሪሌ ያዋጣል፤ አንዱ ለረጅም፣ አንዱ ለአጭር። ከባትሪው በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ ከባትሪው አጠገብ በተቀመጠ ፊውዝ በኩል ኃይል በቀጥታ ወደ መብራቱ ይሄዳል። አሮጌው ማብሪያና መለወጫ ከእንግዲህ ሪሌውን ብቻ ያዛሉ፤ ሸክማቸው ከአሥር አምፔር ከግማሽ አምፔር በታች ይወርዳል። በላንድክሩዘር ላይ ግን ሪሌው የሚታዘዘው በኔጋቲቭ መሆኑ ሲገጠም መታወስ አለበት።

መንገድ ላይ ሳለ ሁለቱም መብራት ድንገት ቢጠፋ መጀመሪያ ዘንጉን ወደ ረጅም መብራት መግፋት፣ ካልሆነም ለማለፍ ምልክት እንደሚሰጥበት ወደ ራስ ስቦ መያዝ ነው። በሌላ ጥርስ ስለሚያልፍ ብዙ ጊዜ ዳር እስኪያዝ ድረስ ያበራል። የአደጋ ጊዜ ፍሬቻው የራሱ መስመር ስላለው እሱም ወዲያው ይብራ።

በመጨረሻ፣ ቮልቱ የተመለሰለት መብራት ከቀድሞው እጅግ ይደምቃልና ከፊት የሚመጣውን ሹፌር እንዳያሳውር ይስተካከል። መኪናው የተለመደ ጭነቱን ይዞ፣ የጎማው ንፋስ ልክ ሆኖ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይቆማል። የመብራቱ መሐል ከመሬት ያለው ከፍታ ተለክቶ በዚያው ልክ ግድግዳው ላይ በጠመኔ መስመር ይሰመራል። የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ 10 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ እስኪል ድረስ የማስተካከያ ብሎኖቹ ይዞራሉ፤ በመጀመሪያ አንደኛው ወገን በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ቀጥሎ ሌላኛው።